ለጊዜው የቆመችው የጥበቃ ቤት በግንብ ስለመሠራቷ

ለክቡር የጊዜያዊ መንግሥት መሪ፣ ለቀድሞው የፖለቲካ ሳይንስ መምህር፣ ለዘወትሩ ጎረቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለው? ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ለወገብ እንደማይበጅ በረንዳዬ ላይ ይመክሩኝ የነበሩት እርስዎ ነዎትና፣ ከተሾሙ ወዲህ ስለ ወገብዎ ማሰብ አልተውሁም።

በመቀጠል ለመንገዳችን ነዋሪዎች በሙሉ አንድ ታላቅ ዜና በክብር አበሥራለሁ። በደጅዎ ላይ፣ ከእኔ በር ማዶ፣ ለጊዜው ተብላ በቆርቆሮ የቆመችው የጥበቃ ቤት ከትናንት ጀምሮ የድንጋይ መሠረት፣ የግንብ ግድግዳና ባለ መስተዋት መስኮት ባለቤት ሆናለች። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ግንበኛው፣ እኔና የጎረቤት ድመት ተገኝተናል። ድመቲቱ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ረግጣው ስላለፈች፣ መርቃ የከፈተችው እሷ ናት ማለት ይቻላል።

ሽማግሌ ሥራ ሲፈታ አጥር ለአጥር ያያል ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ዳሩ ግን ማየትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለተማሪዎችዎ በየዓመቱ ይሰጡት የነበረውን «ጊዜያዊ መሪ እንደማይለቅ በምን ይታወቃል?» የሚለውን ትምህርት፣ እኔ ያለ ክፍያና ያለ ፈተና፣ ዳማ እየተጫወትን ተከታትዬዋለሁ። ያን ጊዜ በአባትዎ ዕድሜ ነኝና አንተ እልዎት ነበር፤ አንቱታው የመጣው ከፍተሻው ጋር አብሮ ነው። እንግዲህ የተማርሁትን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ።

፩ኛ/ «ይህ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው ሕጉን አይደለም» ይሉ ነበር ቆርኪዎን እየገፉ፣ «መጀመሪያ የሚያጠብቀው ደጁን ነው። ሊሄድ ያሰበ ሰው ግንብ አያስገነባም።» ስለ ግንቡ ከላይ ስላበሠርሁ አልደግመውም። ጥበቃዎን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። በገዛ ደጄ ፀሐይ ልሞቅ ወንበሬን ባወጣ፣ «አባት፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ስቀመጥ አንተም አልተወለድህ፣ ክልከላውም አልተወለደ» ስለው፣ ጨዋ ልጅ ነውና አፈር ብሎ፣ «አይዞዎት አባት፣ ለጊዜው ነው» ሲል አጽናናኝ። ወንበሬን ይዤ ገባሁ። ለጊዜው የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ለእሱ ማስረዳት የእርስዎ ሙያ እንጂ የእኔ አይደለም።

፪ኛ/ «ቀጥሎ፣ እኔ አልፈልግም ነበር፣ ሕዝቡ ለምኖኝ ነው ይላል» ብለውኝ ነበር። ሹመቱን ሲቀበሉ፣ «እስከ ምርጫው ነው፤ ከዓመት አይበልጥም፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቼ እመለሳለሁ» ሲሉ ራዲዮኔን ታቅፌ ሰምቻለሁ፤ አልደብቅዎትም፣ ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር። ዓመቱ ሞላ፤ ምርጫው ዝግጅት ይቀረዋል ተብሎ ተገፋ። ደግሞም ተገፋ። ሰሞኑን ደግሞ ሕዝቡ እንዲቆዩለት እንደለመነዎት ተነገረ። እኔም ከሕዝቡ አንዱ ነኝ መሰለኝ፤ ምናልባት እናንተ ስትለማመኑ እኔ ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ይሆናል ብዬ፣ የመንገዳችንን ጸጉር ቆራጭ ጠየቅሁት። «እኔ አልለመንሁም፤ ግን ከመስተዋቴ ፊት የሚቀመጠው ሁሉ ሌላው ነው የለመነ ይለኛል» አለኝ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ይሆን?

፫ኛ/ «ሦስተኛው ምልክት፣ ጥያቄ ያስቆጣዋል።» እዚህ ላይ ቀልዴን ልግታ። የልጅ ልጄን ያውቋታል፤ ተማሪዎ ነበረች፤ እርስዎ ሲሾሙም «ከእሷ የተሻለ አላገኝም» ብለው ክፍልዎን ያስረከቧት እሷን ነው። ያንኑ ትምህርት በእርስዎው ቃል ስታስተምር አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «የእኛስ መሪ?» አላት። እሷም እንዳስተማሯት፣ «ምልክቶቹን ይዛችሁ ራሳችሁ ፍረዱ» አለች። ብዙም ሳይቆይ አለቃዋ ጠርተው፣ «ለጊዜው ቤትሽ እረፊ» አሏት። መጥታ ቦርሳዋን በሩ ሥር ጣለችና፣ «አባባ፣ ያስተማርሁት እኮ የራሳቸውን ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማስተማሪያ ልብሷን ተኩሳ ትለብስና ወጥ ቤት ትቀመጣለች። እኔም ረፍዶብሻል እንዳልላት አፌን እይዛለሁ።

፬ኛ/ ይህ ከእርስዎ ትምህርት ውስጥ የለም፤ እኔ የጨመርሁት ነው። ለእሷ አቤት ልል ጽሕፈት ቤትዎ የመጣሁ ዕለት፣ የሸሚዝዎን እጅጌ ሰብስበው፣ ከመስኮትዎ ሥር በገዛ እጅዎ የአቮካዶ ችግኝ ሲተክሉ አይቻለሁ። አቮካዶ ከዘር ተነሥቶ ፍሬ እስኪሰጥ የተከለው ሰው ጢም ይሸብታል። ነገ ከነገ ወዲያ ቢሮውን ለሌላ የሚያስረክብ ሰው እንዲህ ለተተኪው ጥላና ፍሬ ሲያስብ ማየት ልብ ይነካል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎ ሞኝ እንዳልሆኑ ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ። ቢሆንም ከሌሎች የበለጠ የምጠረጥርዎት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌሎቹ ከእርስዎ ጋር ዳማ አልተጫወቱም። ጨዋታው ወደ መሸነፍ ሲያደላብዎት ሰዓትዎን አየት አድርገው፣ «ይህን ለነገ እናሳድረው» ይሉ ነበር። በማግስቱም መጥተው አዲስ ወሬ ይጀምሩና ገበታውን እንዳላዩ ያልፉታል። አንድም ቀን ተሸንፈው አያውቁም፤ አንድም የሚሸነፉበትን ጨዋታ ግን አልጨረሱም። ለሹመቱ መኪና መጥቶ የወሰደዎት ዕለት ያሳደርነው ጨዋታ እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ምርጫው ለከርሞ ይደር በተባለ ቁጥር ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ። ተራው የእርስዎ ነው።

ለራሴ የምለምነው የለኝም፤ ፀሐይዋንም በመስኮት እሞቃታለሁ። የልጅ ልጄን ግን ወደ ክፍሏ ይመልሱልኝ። ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው። ለዘለቄታው የሚሆን ነገር መሥራት እንደሚችሉበት ከግንቡ ተረድቻለሁና።

ስላደረጉልን ጥበቃ፣ ስላስተማሩን ምልክቶችና አንድ በአንድ በተግባር ስላሳዩን በጥልቅ አክብሮት እያመሰገንሁ፣ ለወገብዎ ዕረፍትን፣ ለወንበርዎም ትንሽ አየርን እመኛለሁ።

ከደጁ ወደ ውስጥ የተመለሰው፣ የዳማ ባላጋራዎ፣
የአስተማሪቱ አያት

ከፊርማዬ በኋላ፦ በሐሰት እንዳልከሰስ አንድ ነገር ላርም። የአቮካዶው ችግኝ የእኔ ፈጠራ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መምጣቴ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዋናው በር አላለፍሁም፤ መስኮትዎ በየት በኩል እንዳለም አላውቅ። የቀረው ሁሉ፣ ድመቲቱ ሳትቀር፣ የሆነ ነው። ችግኙን የጨመርሁት፣ «ኧረ ይህንስ አያደርጉም» የሚልልዎት ሰው ተርፎ እንደሆነ ለማየት ነበር። ደብዳቤውን ለጎረቤት ሳነብ ጸጉር ቆራጩ፣ «ፍሬው ሲደርስ ያቀምሱን ይሆን?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። የልጅ ልጄ ደግሞ እርስዎ «ምንጭሽ የታለ?» እያሉ ያሠለጠኗት፣ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብላት እንኳ ማስረጃ የምትጠይቀኝ ልጅ ናት። ችግኙ ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ምንጬን አልጠየቀችኝም።