ባዶውን የማይሄድ መርከብ

ብርቄ፣ የኔ እመቤት፣

በቅድሚያ ለክብርሽ አንድ ታላቅ የምሥራች አበሥራለሁ፦ አንቺ በኖርሽበት ዘመን ሁሉ አሻፈረኝ ያለው የወጥ ቤታችን ቧንቧ ማንጠባጠቡን በገዛ ፈቃዱ አቁሟል። የሰፈራችን የኒድ ነዋሪ ደስታውን በየቤቱ እንዲገልጽ ታዟል። «ያን ሁሉ የመርከብ ቱቦ ስትገጥም ኖረህ አንዲት ቧንቧ ታቅትሃለች?» እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽበት ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሌላው ወሬ ጦርነት ነው። ልጃችን ሰናይት ቁም ሳጥንሽን ልታስወጣው ተነሣች። ጀርመኖቹ ሽፔርሙል የሚሉትን የአሮጌ ዕቃ ማስወገጃ ቀጠሮ፣ ቴርሚኑን፣ ይዛለታለች፤ ሐሙስ ጠዋት መንገድ ዳር ይቆምና አሮጌ ዕቃ የሚለቅመው የከተማው መኪና ይወስደዋል። ካፖርቶችሽ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን። «አባባ፣ ባዩት ቁጥር ነው የሚያዝኑት፤ ቤቱ ቀለል ይበልዎት» አለችኝ።

ቀለል ይበል። ይሄ ለመርከበኛ የሚባል ነገር ነው?

አሰብን ታስታውሻለሽ። እኔ ለነዳጅ መርከቦች ቱቦ የምገጥም ጎረምሳ፣ አንቺ በነዳጅ ማጣሪያው ምግብ ቤት ሻይ የምትቀጂ፣ ምላስሽ ከአሰብ ፀሐይ የሚፋጅ። ያኔ ወደ እኛ የሚመጡት ትናንሾቹ መርከቦች ነበሩ። የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ግን መርከቦች አፍሪካን በደቡብ መዞር ግድ ሆነባቸው፤ ያ ሁሉ መንገድ እንዲያዋጣ ባለቤቶቹ እያገዘፉ፣ እያስረዘሙ ሄዱ። በኋላ እኔ የተቀጠርኩበት መርከብ ብዙ ወደብ የማይችለው ነበር፤ ጥልቀቱ አይበቃውም። ስለዚህ ወደቡ ወደ እሱ ይወጣል። ጥልቁ ባሕር ላይ ማሰሪያ ይተከልለታል፣ ቱቦው በባሕሩ ወለል ተዘርግቶ ይመጣለታል። «ከጫፍ እስከ ጫፍ በብስክሌት ነው የምንሄደው» ብዬ ስጽፍልሽ «ውሸታም» ብለሽ በአንድ ቃል መለስሽልኝ።

ያ ግዙፍ የሚያስፈራኝ ጭኖ አልነበረም፤ አራግፎ ነው። ድፍድፍ ነዳጁን ከሰጠ በኋላ ቀለል ይልና ከባሕሩ በላይ ይገተራል። ፕሮፔለሩ ከውኃ ይወጣል፣ ነፋስ ይጫወትበታል። ስለዚህ ባዶውን አይሄድም፤ ሆዱን የባሕር ውኃ እንሞላዋለን።

ረቡዕን ከሱቅ ውኃ በሦስት ፎቅ ደረጃ ሳመላልስ ዋልኩ፤ ጠርሙሶቹን ካፖርቶችሽ ሥር ደረደርኳቸው። ሐሙስ ሰናይት ሁለት ጎረምሶች ይዛ መጣች። አንዱ ጎንበስ አለ፣ ሌላውም ጎንበስ አለ፤ ቁም ሳጥንሽ ንቅንቅ የለም። እኔ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘቅዝቄ አነባለሁ። ሰናይት በሩን ስትከፍተው ጠርሙሶቹ አፈጠጡባት። የልጅ ልጅሽ ሊያ አያቴ ለማለት በጀርመንኛዋ «ኦፓ አሸነፈ» ብላ አጨበጨበች።

ለሰናይት የመርከቡን ነገር ነገርኳት። «እኔ አራግፌያለሁ፣ ልጄ። ይሄ የባሕር ውኃዬ ነው። የማቆየው ላለቅስበት አይደለም፤ እንዳልገለበጥ ነው» አልኳት። ከዚያ ግራጫውን ካፖርትሽን አወጣችና ለበሰችው፤ እጅጌው አጥሯታል። እንደለበሰችው ስልኳን አንሥታ ቴርሚኑን ሰረዘች። ጎረምሶቹም ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ አንዳንድ ጠርሙስ ውኃ ሰጠኋቸው።

እነዚያ ግዙፎች ብዙዎቹ ዛሬ በእስያ ዳርቻዎች ተቆራርጠው ቁርጥራጭ ብረት ሆነዋል። እኔ ገና ነኝ። ሐኪሙም ይስማ፣ ያ ሦስት ፎቅ ደረጃም ይስማ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የጥንቶቹ መርከቦች ነዳጅ በያዙበት ጋን ውስጥ ነበር ውኃውን የሚሞሉት፤ ሁለቱ እየተቀላቀሉ ባሕሩን አበላሹት። በኋላ ለውኃው ብቻ የተለየ ጋን ተሠራለት፣ ሌላ ነገር የማይነካው። እኔም ውስጥ ያንቺ ቦታ እንዲያ ነው። እስክቆራረጥ ድረስ ሌላ አይጫንበትም።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ አንድ ውሸት ጣል ሳላደርግ አልጽፍም። ብስክሌቱ እውነት ነው፤ ጠርሙሶቹም እውነት ናቸው። ውሸቱ ቧንቧው ነው። አሁንም ይንጠባጠባል። ሰናይት ሠሪ ልጥራ ስትል እንቢ ብያታለሁ፤ በሱ ጉዳይ የምትጨቀጭቂኝ አንቺ ብቻ ነሽ።