መጣሁ ብለው የወጡት መጋቢ

ዛሬ የምንሸኛቸው መጋቢ፣ በቤተ ክርስቲያንም በሥራም ጋሽ መጣሁ እያልን የምንጠራቸው፣ ከከባድ መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን፣ የፊተኛው የስፌት መኪናው፣ የደንበኞች አግዳሚ ወንበርና የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላበት ነበር። እናታቸው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለክተው ሲያለብሱ እኚህን ልጃቸውን ግን በትክክል ለክቼው አላውቅም ይሉ ነበር። ቀጥ ብለው አይቆሙማ። “መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?” የሚለው ተግሣጽ በየቀኑ ይሰማል፤ ሱሪያቸውም ሁልጊዜ አንዱ እግሩ ከሌላው ያጥር ነበር።

አባታቸው ጭነት ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው “መጣሁ” ይሉ ነበር። ማንኛችንም ከቤት ስንወጣ የምንላት ቃል ናት። ሄድን ለማለት መጣሁ እንላለን፤ ማንም አይታዘበንም። ልጁ ግን ቃሉን እንደ ተነገረ ወስደው ደጃፉ ላይ ይጠብቃሉ። አባታቸው ሳምንትም ወርም ቢቆዩ ይመጡ ስለነበር፣ “መጣሁ” ማለት ለእርሳቸው የታሰረ ቃል ሆኖ ቀረ። በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ጥቂት ዓመታት በአስተማሪነት ሠሩ። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤ ሲናገሩ ሰው እንደሚሰማቸው የታዘቡ ሽማግሌዎች ለነገረ መለኮት ትምህርት መርጠዋቸው፣ በ1974 ዓ.ም. ለአገልግሎት የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ገቡ። እናታቸው በደስታ አንድ ሙሉ ልብስ ሰፉላቸው። ሱሪውን በግምት ነው የቆረጡት።

በኮሌጁ ማደሪያ ለአራት በአንድ ክፍል፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩን፣ የስብከት ዘዴውን ሌሎች ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሲያጠኑ እርሳቸው ኮሪደሩን እየተመላለሱ ያጠኑታል። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛቸው “ይሄ ልጅ ግሪክኛውን በእግሩ ነው የሚሸመድደው፤ ጫማው ከኛ ቀድሞ ይመረቃል” ይል ነበር።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በዚሁ በግሪክኛ ክፍል ነው። መምህሩ፣ ጥርት ያለ አነጋገር የሚወዱና ለተሳሳተ ግሥ የማይራሩ ሰው፣ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ስለ መመለሱ የተናገረውን ክፍል እንዲተረጉሙ ሰጧቸው። ተማሪው ሁሉ “እመጣለሁ” ብሎ ሲጽፍ እርሳቸው “መጣሁ” ብለው ጻፉ። መምህሩ በቀይ ሰርዘው ክፍሉ ፊት አስነሷቸው። እርሳቸውም ግሪክኛው የወደፊት ሳይሆን የአሁን ጊዜ ግሥ መሆኑን፣ ተናጋሪውም ከሚወዳቸው ተለይቶ የሚሄድ መሆኑን ጠቅሰው፣ በእኛ አፍ እየሄደ ያለና ሊመለስ የቆረጠ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው ብለው ተከራከሩ። መምህሩ “ይሄ የደጃፍ ቋንቋ ነው! ጌታችንን ሲጋራ ሊገዛ የወጣ ሰው አስመሰልከው!” አሉ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው መጣሁ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ በሽተኞችን ይጠይቁ፣ ያጽናኑ ነበር። እርሳቸው በወንዶች ክፍል መስኮቱ አጠገብ የተኙ አንድ አናጢ ደረሷቸው። አናጢው ስለ ነፍሳቸው ብዙም አላወሩም። የልጆቻቸው መምጫ ስለ ደረሰ ጺማቸው እንዲላጭላቸው ብቻ ለመኑ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተማሪውም ምላጭ ሊገዙ “መጣሁ” ብለው ወጡ። በሩ ላይ የኮሌጁ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቃቸው። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ጓደኞቻቸው ጠሯቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አደርገዋለሁ ብለው ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምላጩን ገዝተው ሲመጡ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። የክፍሉ ነርስ አንሶላ እያጠፈች “መጣሁ ያልከው ልጅ አንተ ነህ?” አለቻቸው። አናጢው እስከ መጨረሻው ሌላ ሰው እንዳይላጫቸው ከልክለው ነበር። “ልጁ መጣሁ ብሏል” ይሉ ነበር አለች። ልጆቻቸው የደረሱት እንደዚያው ጺማቸው እንዳደገ ነው። ተማሪው ምላጩን እንደ ያዙ ቆሙ፤ ነርሷም ቁጣዋን ትታ ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመመረቂያ የልምምድ ስብከታቸው ተራ ደረሰ። ርእሱ አስቀድሞ የተመደበላቸው ሲሆን፣ ያው ያከራከራቸው የመመለስ ተስፋ ነበር። እየሰበኩ ሳለ “እርሱ እመጣለሁ ካለ ይመጣል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ወረቀታቸውን አጥፈው፣ በልማድ ከአፋቸው አምልጧቸው “መጣሁ” ብለው ከአትሮንሱ ወረዱና በሩን ከፍተው ወጡ። ተማሪዎቹ ውኃ ሊጠጣ ነው ብለው ጠበቁ። አልተመለሱም።

ከኮሌጁ ከወጡ በኋላ በዚያው ሆስፒታል፣ በሽተኞችን በባለጎማ አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል የማመላለስ ሥራ ተቀጠሩ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ እናታቸው አለቀሱ። ለማንም ብዙ አላብራሩም። ለነርሷ ብቻ፣ በኋላ ባለቤታቸው ለሆነችው፣ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ እንደ ነሳቸው ነግረዋታል፦ የራሱ ቃል በአንድ የአውቶቡስ ጥሩምባ የተሰበረበት ሰው የእግዚአብሔርን ቃል ተሸክሞ ሰው ፊት መቆም ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በኮሪደር ሲገፉት ኖሩ።

በ1979 ዓ.ም. ሲጋቡ ነርሷ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻቸው፤ ያቺ ቃል ከቤቷ ደጅ እንዳትገባ። እርሳቸውም ቀድመው ትተዋታል። ከቤት ሲወጡ “ሄድኩ” ይላሉ። ከሩቅ ሲጠሯቸውም ሌላው ሰው “መጣሁ!” በሚልበት ቦታ “አለሁ!” ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውና ወንዱ ልጃቸው አባት ሁሉ እንዲህ የሚናገር መስሏቸው አደጉ። ቃሉን የተዉት ሰውዬ በሆስፒታሉ ሁሉ ጋሽ መጣሁ ተብለው መጠራታቸው ደግሞ የነርሶቹ ቀልድ ነበር፤ እርሳቸውም አልከለከሉም። ቀልዱ ግን ዓመት እየቆየ መልኩን ለወጠ። ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ምላጭና የሳሙና ቁራጭ አይጠፋም፤ ላጩኝ ያላቸውን እዚያው፣ ሳይወጡ ሳይዘገዩ ይላጩ ነበር። “መጣሁን ጥሩልኝ፣ እሱ ይመጣል” ማለት በየክፍሉ ተለመደ።

ዕረፍት ግን አላገኙም። እሑድ በቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡና ቡራኬው ሳይሰጥ ይወጣሉ። እራት እንኳ ቆመው ነው የሚበሉት። የግሪክኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ሊፍቱ ውስጥ ሳይቀር ከእጃቸው አይለይም። ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ስንት ጊዜ ኮሌጁ በር ድረስ ሄደው ተመልሰዋል፤ ባለቤታቸው “ከእኔ ይልቅ አንተን የሚያይህ ዘበኛው ነው፤ ለሱ ለምን ቀለበት አታስርለትም?” ትላቸው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ከቀዶ ሕክምና ክፍል ተጠርተው አንድ አረጋዊ በሽተኛ ሊወስዱ ሲሄዱ፣ አልጋው ላይ ያገኟቸው ያንኑ የግሪክኛ መምህራቸውን ነበር። መምህሩ ጆሯቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ሊፍቱ ውስጥ ቀና ብለው አይተዋቸው “አንተ፣ ስብከትህን ጨረስክ?” አሏቸው። አልጨረስኩም ሲሉ፣ “ተማሪዎቹ እኮ ተቀምጠው እየጠበቁህ ነው፤ አንዳንዶቹ ሸበቱ” አሉ። ከዚያም ቀልዱን ትተው እጃቸውን ያዙና፣ ፈርቻለሁ፣ ስነቃ አጠገቤ ትሆናለህ ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ መጣሁ ምንም ቃል አልሰጡም። መምህሩ ሲነቁ ግን ራስጌያቸው ቆመው ነበር፤ “አለሁ” አሏቸው። መምህሩም፣ ቃሉን የፈራ ሰው ከደፈረው ሰው ይልቅ ለአትሮንስ የቀረበ ነው፣ አሁን ተመለስ አሉ። ባለቤታቸው በማግሥቱ ኮሌጁ በር ድረስ ሸኘቻቸውና እስኪገቡ ድረስ ከዘበኛው ጋር ቆማ ጠበቀች።

በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ወይም ከኋላ ቆሙ ማለት ይቀላል። ወጣቶቹ “ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ አስተማሪ እየመሰሉን ደነገጥን” ይሏቸዋል። የመጨረሻው ዓመት ትምህርት ከብዷቸው ነበር፤ ማታ ማታ ልጃቸው ያስጠናቸዋል። የልምምድ ስብከቱ ቀን ያንኑ ርእስ ራሳቸው ጠይቀው ወሰዱ። መምህሩ በከዘራ ተደግፈው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ መጣሁ የአናጢውን ነገር ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ተናገሩ። ከዚያ የግሪክኛውን ቃል አንብበው፣ መምህሩ ድሮ እንዳረሟቸው “እመጣለሁ” ብለው ተረጎሙ። ያኔ መምህሩ ጆሮው እንደ ከዳው ሰው ጮክ ብለው “መጣሁ በል! የድሮው ነው ትክክል!” አሉ። አዳራሹ ሣቀ። ጋሽ መጣሁ ግን አልሣቁም። “እኔ አልደፍረውም፤ የተናገረው እርሱ ነው፤ ያለውም ይሆናል” አሉ። ባለፈው ያቋረጣቸውን ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ አለፉት፤ ስብከቱንም እስከ ቡራኬው ጨረሱ።

በ2004 ዓ.ም. ተመርቀው በሚቀጥለው ዓመት እጅ ተጭኖባቸው ለመጋቢነት ተሾሙ። ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ምእመናን ያሏት አጥቢያ ስታቀርብላቸው፣ ወደ ሆስፒታሉ እንዲመደቡ ለመኑ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ይሄን ሁሉ ለፍተው ተመልሰው እዚያው አልጋ?” ቢሏቸው፣ አልጋው ያው ነው፣ እኔ ግን አሁን መቆም ችያለሁ ብለው መለሱ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ በበሽተኛ አጠገብ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ይታዩ ነበር። ባለቤታቸው ዜናውን ስትሰማ አላመነችም።

ባለፈው ዓመት የጀመራቸው የጉበት ሕመም በዚያው ሆስፒታል አስተኛቸው። ተኝቶ መዋል ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቃቸው፤ አልጋዬን ቢያንስ ወደ ኮሪደሩ ግፉልኝ ይሉ ነበር። ለምርመራ ሲወሰዱ እንደ ልማዳቸው ለባለቤታቸው “ሄድኩ” ይሏታል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 4 ቀን ጠዋት ልጃቸው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ በነበረው በዚያው አሮጌ መላጫ ጺማቸውን ላጫቸው። ፊታቸውን በፎጣ እየጠረገ ሳለ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ልጆቻቸው ከአፋቸው ሰምተዋት የማያውቋትን ቃል በጠራ ድምፅ ተናገሩ፦ “መጣሁ!” ከዚያ ትንፋሻቸው ቆመ።

ልጆቻቸው፣ ሰው ሲለይ እንደሚለው ለእኛ ነው የተናገሩት፣ የትንሣኤን ተስፋ ትተውልን ነው ብለው ያምናሉ። ባለቤታቸው ግን ባሏ ሊፈጽም የማይችለውን ቃል ለሰው አይሰጥም ትላለች። እርሷ በቦታው ነበረች፤ አነጋገሩ የሚወጣ ሰው ሳይሆን ከሩቅ የተጠራ ሰው አመላለስ ነበር፤ ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ ማንም አልጠራቸውም ትላለች።

በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ያረፉት ጋሽ መጣሁ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ በየክፍሉ የላጯቸውንና ያጽናኗቸውን ብዙ ሰዎች ትተው ሄደዋል። የጠራቸው አምላክ ደጃፉ ላይ ይቀበላቸው፤ እረፍት ያልለመደች ነፍሳቸውን በቤቱ ያስቀምጥልን። ለእኛ ለቀረነውም፣ መጣሁ ያለው ጌታ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅን ይስጠን። አሜን።