ሐናን ኪስ ውስጥ ያለው ጽሑፌ

ማክሰኞ

ዛሬም አልደወልኩም። ዘይነባ የሚለውን ስም ስልኬ ላይ አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ተኳርፈን፣ ልጇ ቴሌቪዥን ላይ ስለወጣች ብደውል ምን ትለኛለች?

ሐናን አውሮፓ ናት። በስኖውቦርድ፣ በረዶ ላይ በጣውላ በመንሸራተት፣ ለአውስትራሊያ ልትወዳደር! እዚሁ ሰፈራችን ዲር ፓርክ ያደገች የወሎዎች ልጅ! ትናንት «ዱርዬ» ያሏት ሁሉ ዛሬ «ልጃችን» እያሉ ነው። እኔማ እብሳለሁ። እነሱ አሙ፣ እኔ ጻፍኩት።

ረቡዕ

ጋራዡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የዛሬ ሦስት ዓመቱን የማኅበረሰባችንን መጽሔት ፈልጌ አወጣሁት። የራሴ ዓምድ፣ ከነፎቶዬ፦ «እናት መጋዘን ውስጥ ሺፍት ትደርባለች፣ ልጅ በረዶ ላይ ትንፈላሰሳለች። ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? የበረዶ ሰው ካልሆነ!»

ስም አልጠራሁም። ዲር ፓርክ ብዬ፣ ወሎ ብዬ ምን ቀረኝ? ያኔ ሰው ሁሉ እየሳቀ ደወለልኝ። ዘይነባ ብቻ አልደወለችም። ሐናንን እኮ ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ጋሼ ተፈራ ደወሉ። «ጽጌ፣ የሐናንን ቤተሰብ አንቺ ታውቂያቸው የለም? ለሽፋን ይሆናል።» «አዎ ጋሼ፣ ቤተሰብ ነን» አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው።

ዘይነባ ቤት ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ሐብሐብ ገዛሁ። ዘይነባ እንጨቱን በር ከፈተች፤ ዝንብ የሚከለክለውን የወንፊት በር ግን አልከፈተችም። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።

«ልትጽፊ ነው የመጣሽው? ምነው፣ ሌላ የምታሚው ሰው ጠፋ?»

ሐብሐቤን ታቅፌ ተመለስኩ። እንዴት ይከብዳል!

ቅዳሜ

ውድድሩን ጠዋት ብቻዬን አየሁት። ሁለት ጊዜ ወረደች፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች። መጨረሻ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ የነበረው ስልኬ ጸጥ አለ። ጋሼ ተፈራ ብቻ ቴክስት አደረጉ፦ «ሽፋኑን እንተወው።»

ከዚያ ጋዜጠኛዋ ማይክ ሰጠቻት። ሐናን እያነከሰች፣ እየሳቀች፣ ከጃኬቷ ኪስ ላስቲክ የለበሰ ወረቀት አወጣች። ፎቶዬን አየሁት! በእንግሊዝኛዋ፣ «ሰው ሁሉ ተዪው ሲለኝ፣ አንቲ ጽጌ ግን እዚህ እንደምደርስ ጻፈችልኝ። እማዬ ናት ያነበበችልኝ» አለች።

ሐናን አማርኛ ማንበብ አትችልም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድ

ዘይነባ ደወለች! ሰላምታ የለም።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ያኔ ሰው እየጠቆመ ሲስቅባት ወረቀትሽን ይዛልኝ መጣች። ምን ተባልኩ አለችኝ። ምን ልበላት? መጻፍ የነበረብሽን አነበብኩላት።»

«ዘይኑ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታሽን ለራስሽ ያዢው። ሐሙስ ትገባለች። ያንኑ ወረቀት ከአንቺ አፍ ሲነበብ ልስማው ብላለች። አምጪ ወረቀት፣ ጻፊ።»

ያኔ ያነበበችላትን በቃሏ ወጣችው፣ አንዲት ሳታዛንፍ። ሦስት ዓመት ስንት ጊዜ አንብባላት ይሆን? እኔም እንደ ተማሪ ጻፍኩ። ከእኔ አሳምራ ትጽፋለች፣ እውነቴን ነው።

«በይ አጥኚ» ብላ ዘጋችው።

ይኸው እያጠናሁ ነው። ዓይኔ የራሴ ቀልድ ላይ፣ አፌ የዘይነባን ቃል ይላል። «ማን ያገባታል» የሚለው ጋ ስደርስ «ይቺን ልጅ ማን ያቆማታል» ማለት አለብኝ። እስካሁን አንዴም ድምፄ ሳይሰበር አላለፍኩትም። ሐሙስ አራት ቀን ቀርቶታል።