የክረምቱ ዜሮ

ወላይታ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ኤርካሎ፣

ይህ ደብዳቤ መተሐራ ሳይደርስ የጌታ ሰላም ቀድሞት ይድረስህ። እናታችን ደኅና ናት፤ የጓሮው የቦዬ ተክልም ዘንድሮ አምሯል።

እኔ ግን ሥራዬን ተጸይፌዋለሁ። በምሠራበት ጤና ጣቢያ የየሳምንቱን የበሽታ ሪፖርት የምሞላው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። በዚህ ሳምንት ዘጠኝ ሕፃናት በሳምባ ምች መታመማቸውን ጻፍኩ። ኃላፊያችን አቶ ጉልላት ቁጥሩን ሰርዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ በክረምት ጉንፋን ብርቅ ነው እንዴ? ዜሮ በይው!» አሉኝ። የሳምባ ምች ክትባቱም መቶ ሦስት በመቶ ተዳርሷል ተብሏል።

«ከመቶ በላይ ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገና ያልተወለዱት ናቸዋ!» ብለው ሳቁ።

የክትባት መዝገቡን ሳገላብጥ የልጅህን የሶፊን ስም አገኘሁ። ሦስተኛውን ክትባት ሐምሌ አሥር ቀን ወስዳለች ይላል። በዚያ ሳምንት ግን ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ስለነበር በግቢው ውስጥ አንድ ብልቃጥ ክትባት እንኳ አልነበረም።

ገና ያላየሃት ሶፊ ዓይኗ ቁርጥ አንተን ነው። ከሰኞ ወዲህ ጡት እንቢ ብላለች፤ እኔም ሰዓቴን ይዤ የሚጣደፈውን ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ነገ ማለዳ ከእናቷ ጋር ሶዶ ሆስፒታል እንወስዳታለን።

ትናንት ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ዜሮውን ሰርዤ «አሥር» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም።

ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ቢቻልህ ግን ዘንድሮ ዘመን መለወጫችንን፣ ጊፋታን፣ ሳትጠብቅ ና።

አክባሪ እህትህ
እታፈራሁ