የቸርኬው ድምፅ

ጥቅምት 11
ጭጋግ። ጠዋት የትምህርት ቤቱን ደወል ልመታ ስወጣ የተንጠለጠለው ቸርኬ አይታይም ነበር። በዳበሳ አገኘሁት።
አሥራ ሁለት ክፍል ጠረግሁ። ዘንድሮ አምስቱ ተማሪ የላቸውም፤ አቧራው ግን እኩል ነው። ከዘጠነኛ «ለ» ቅርጫት የተቀደደ የሙዚቃ ፈተና አገኘሁ። «ቅኝት ምን ማለት ነው?» ይላል። ልጁ መልሱን ባዶ ትቶታል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት። እኔ ፊደል የለየሁት እንዲህ ካለ ቅዳጅ ነው፤ ይኸን የምጽፍበትም የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው።
ቅኝት ምን እንደሆነ አውቃለሁ መሰለኝ። ማን ይጠይቀኛል?

ጥቅምት 14
አርብ፣ የሙዚቃ ክበብ ቀን። መምህር ይኸነው አምስቱን ክራር አስይዞ ልጆቹን ወደ ደወሉ አመጣቸው።
«እትዬ ዋጋዬ፣ እስቲ አንዴ ይምቱልን።»
በፌሮ ብረቷ መታሁ። ድንንንን... ልጆቹ ጆሯቸውን አዘንብለው የመጀመሪያውን ክር እስኪገጥም ያጠብቃሉ። ሌሎቹን ክሮች ከእሱ ይቃኛሉ። ኪቦርዱ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ። በእኛ ብርድና እርጥበት ደግሞ ክራር እንደተቃኘ አያድርም፤ ክሩ ይረግባል። ለዘፋኞቹ ጉሮሮ የሚስማማውም ይኸው ድምፅ ነው ይላል ይኸነው፤ ከዚህ ከፍ ካለ ይሰነጥቃቸዋል።
ጥበቃው አስማረ አያርፍም። «የጭነት መኪና ቸርኬ እኮ ነው! መኪናው ራሱ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።»
ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ኅዳር 19
መምህራን ስብሰባ ላይ ሻይ ሳቀርብ የሰማሁት... ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ እንዳልካቸው፦ «የካቲት ላይ ዳንግላ የሙዚቃ ውድድር አለ። ደረጃ ካላገኘን ክበቡ ይዘጋል። ክፍሉን ለመጋዘን እፈልገዋለሁ።»
ይኸነው ሻዩን ሳይጠጣው በረደ።
ለፋና አልነገርኋትም። የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ክራር ተጫዋች፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ በእግሯ የምትመጣው። ሰው በሌለበት በአዊኛ ነው የምናወራው። «እትዬ፣ ትምህርቱስ አይገባኝም፤ ለክራሩ ብዬ ነው የምመጣው» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ታኅሣሥ 9
ይኸነው ወደ ጫግኒ ተዛወረ። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀው ልጆቹን ሰብስቦ፣ «እኔ ባልኖር ደወሉ አለ። በሱ ቃኙ» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ቸርኬውን አደራ።»
በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።
ክበቡን የስፖርቱ መምህር እንግዳው ተረከቡት። ደግ ሰው ናቸው። ክራርና በገና ግን ይለያሉ ብዬ አልምልም።

ታኅሣሥ 20
የሽንት ቤቱን የብረት በር ሌሊት ሌቦች ወሰዱት። ቀኑን ሙሉ ስለ ቸርኬው ሳስብ ዋልሁ። በሽቦ ነው እኮ የተንጠለጠለ፤ በፒንሳ ይቆረጣል።
ቢሮ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሳልጠራ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።
«ጋሼ፣ ቸርኬው እንዳይሰረቅ አንድ ነገር ቢደረግ...»
አቶ እንዳልካቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዋጋዬ! አንቺም ትናገሪያለሽ እንዴ?» ሳቁ። ከዚያ፣ «እውነትሽን ነው» አሉ።
ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አደራዬን የተወጣሁ መስሎኝ።

ታኅሣሥ 24
በያጁ መጣ። ቸርኬውን ከብረት ምሰሶው ጋር ግራና ቀኝ በየደው። አሁን ዝሆንም አይነቅለው።
መታሁት። ጧ። በቃ። ደግሜ መታሁ። ጧ። እንደ ጣውላ።
ለካ ሲዘፍን የኖረው ተንጠልጥሎ ስለሆነ ነው። ምነው ይኸ አልታየኝ?
አቶ እንዳልካቸው በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ይሰማል አይደል?»
«ይሰማል» አልሁ።

ጥር 15
ፋና ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። «እትዬ፣ እንደገና።» መታሁ። «እንደገና።» መታሁ። ትታው ሄደች።
ስልክ ላይ መቃኛ ይገኛል አሉ። ኔትወርክ የለም።

የካቲት 6
ነገ ዳንግላ። ዛሬ የመጨረሻ ልምምድ። ፋና በግምት ቃኘች፤ ሌሎቹም የእሷን ተከተሉ።
ከፍ ብሏል። በጣም ከፍ ብሏል። መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ። ትክክለኛው ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። በቀን ስምንት ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመት... እንዴት ይጠፋኛል? ከንፈሬን ገጥሜ እንደ ንብ እም ብል ፋና ትይዘው ነበር።
መምህር እንግዳው አጨበጨቡ። «ግሩም! ግሩም!»
የጽዳት ሠራተኛ ምን ብላ ቅኝት ታርማለች? ደግሞ ባለፈው አፌን ከፍቼ የሆነውን አየሁ።
ኮሪደሩን ጠርጌ ጨረስሁ።

የካቲት 9
ተሸነፉ። አስማረ ነው የነገረኝ፤ አንዴ እንኳ አልቀለደም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ የዘፋኞቹ ድምፅ ተሰነጠቀ። አዳራሹ ሳቀ። ፋና ዘፈኑን ሳትጨርስ ክራሯን አስቀመጠች።


የካቲት 20
የተሰበሩ ወንበሮችን ወደ ሙዚቃ ክፍሉ አስገባን። አራቱን ክራሮች ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ። አንዱ ፋና ጋ ነው። እሷ ከዳንግላ ወዲህ አልመጣችም።

መጋቢት 8
ፋና መጣች። ዩኒፎርም አልለበሰችም። «ክራሩን ልመልስ ነው። ትምህርቱን ትቻለሁ፤ አባቴም አልተቃወመም።»
መጋዘኑን ከፈትሁላት። ወንበሮቹ መሐል ቆመን... እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አፌን ገጥሜ አሰማሁት። ያንኑ የቸርኬውን ድምፅ። እም...
ቀና አለች። አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የረገበውን ክር ማጥበቅ ጀመረች። እኔ ትንፋሼን እየቀጠልሁ፣ እሷ እያጠበቀች... ገጠመ። ሌሎቹን ከእሱ ቃኘች። ትንሽ መታች። ያ የመምህር ይኸነው አርብ ነው የተመለሰው።
ከዚያ እጇን ክሮቹ ላይ ጫነችና ዝም አሰኘቻቸው።
«እትዬ፣ ይኸን ያውቁ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«ታዲያ ያኔ የት ነበሩ?»
«በሩ ላይ ነበርሁ» አልኋት።
አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክራሩን ሰጥታኝ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።
ከአራቱ አጠገብ ሰቀልሁት። ለነገ ይረግባል።
ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። መጋዘኑን ቆልፌ ወጣሁና ደወሉን መታሁ።
ጧ።