የወንበሬ ቁመት

ይሕደጎ ነው። ለዚህ ያበቃን ልጅሽ ይሕደጎ እንጂ ሌላ ማንም አይደለም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሰላምታው ሲረዝም ንዴቴ እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው።

እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ደም ግፊትሽስ? የጓሮሽ ቧንቧ ተሠራልሽ ወይስ አሁንም ከጎረቤት ነው የምትቀጂው? እኔ ይመስገነው አለሁ። ጉልበቴ ያው ነው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ በየፎቁ ቆሜ ሰው ሰላም የምል እየመሰልኩ አርፋለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። እኔ ሳስነጥስ ይማርሽ የሚሉኝ ከጎን ቤት ናቸው። ለሰውም አላጻፍኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እሱም በአማርኛ ነውና፣ በትግርኛችን ያሰብኩትን በዚህ እየገለበጥኩ እጽፍልሻለሁ። ጎረቤታችን ኣርያም ወደ አዲግራት ስለምትመጣ በእጇ ይደርስሻል።

ነገሩ የመኪናዋ ነው። አንቺ የሠርግ ወርቅሽን፣ እኔ ሱቄን ሸጠን የገዛናት የዚያች ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና። ይህ ቤት የሚበላው በእሷ ነበር። ልጅሽ ከየካ አባዶ በማለዳ ወጥቶ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሰው ሲያመላልስ ይውላል፤ ማታ ግቢ ውስጥ ይሰካታል። ስትገዛ ለባትሪዋ የብዙ ዓመት ዋስትና አላት፣ በራሷ ከተበላሸች ድርጅቱ በነጻ ይቀይርላችኋል ተብለን ነበር። እኔም አምኜ እልል ብያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ልጅሽ ከወንበሬ ሥር ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ መቀመጫው በሲባጎ ሲለካ አገኘሁት። ያቺ ባለ መደገፊያዋ ወንበር፣ ሰው ሳይደግፈኝ የምነሣባት እሷ ብቻ ነች። ሲባጎው ከኬክ ካርቶን ፈትቼ ያስቀመጥኩት፣ ቀይና ነጭ የተገመደው ነው።

“ደግሞ እሷን ልትሸጥብኝ ነው?” ብዬ ጮህኩበት።

“አይ አደይ፣ ዝም ብዬ ነው” ብሎ፣ እኔንም እንደ አንቺ እናቱ አድርጎ እየጠራ፣ ሲባጎውን ቆርጦ ኪሱ ከተተ።

በሳምንቱ መኪናዋ ቁመት ጨምራ መጣች። ከታች ቤት ያሉት የእድራችን ዳኛ አቶ መርሃዊ፣ ቀልድ ሲወዱ ታውቂያቸዋለሽ፣ “ይሕደጎ፣ ግመል ገዛህ እንዴ?” አሉት። ልጅሽ የመንገዱን ጉድጓድ አሳበበ። እኔም ደህና የተሠራ ነገር ለምን ይነካካል ብዬ ወረድኩበት። በሃያ ሰባት ለመድኃኔዓለም ስንሄድ ማንም ሳይደግፈኝ ፊት ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስክንደርስ ስጨቀጭቀው ሄድኩ።

ክረምት ሲገባ መኪናዋ ኤሌክትሪክ አልቀበል አለች። ሲሰኳት መብራቷ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ልጅሽ አስቀድሞ የሮጠው ወደ ሸጠልን ድርጅት ሳይሆን ከፍ ወዳደረጋት መካኒክ፣ ወደ ጉዲና ነው። ጉዲና ከፍ እንድትል ከጎማዎቹ ሞላ ላይ አስገብቶት የነበረውን ብረት አወጣና እንደ ጥንቷ ዝቅ አደረጋት። ከዚያ ተጎትታ ኦሎምፒያ ወዳለው ድርጅት ሄደች። ከውጭ ያሠራኸው ነገር አለ ወይ ሲሉት የለም ብሏል።

ለእኔም “አደይ፣ ከፍ ብላ እንደነበር ለማንም እንዳትናገሪ፤ ዋስትናው ይቀርብናል” አለኝ።

“ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ አሠራህ፤ አሁን ደግሞ ታስዋሸኛለህ” አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ። እንደ አባቱ ነው።

የድርጅቱ ባለሙያ መረመራትና ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ ነው አለ። አዲስ ባትሪ ይገባላታል፣ የቀረው የአለቃ ፊርማ ብቻ ነው ተባልን። እህቴ፣ ያ ፊርማ! ነገ ደውሉ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲስተም የለም። ልጅሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። በማለዳ ይወጣ የነበረ ሰው በእኩለ ቀን አልጋ ላይ ሆኖ ማየት ያቃጥላል።

እኛ ሰው ሲያስቸግረን ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንይዛለን። አቶ መርሃዊን ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ሚኒባስ ቀያይረን ኦሎምፒያ ደረስን። ለይሕደጎ አልነገርኩትም። አስደስተዋለሁ ብዬ ነው።

ሀይሚ የምትባል ልጅ ተቀበለችን። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ። አቶ መርሃዊ እንደ ደንባቸው ብድግ ብለው ቆሙ።

“ልጄ፣ ጥፋት የለብንም ብለን አልመጣንም። ልጅ ነው፤ ያጠፋውን ይቅር በሉለት” አሏት።

ሽምግልና እንዲህ ነው የሚጀመረው። ያጠፋም ያላጠፋም ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው። ልጅቱ ግን ደንገጥ ብላ “ምን አጥፍቶ ነው አባባ?” አለች። አቶ መርሃዊ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? ሽማግሌ አቁሞ መዋሸት ነውር ነው።

“ትንሽ ከፍ አስደርጓት ነበር፤ ግን አስመልሷታል” አልኩ።

“ያው ተመልሷል፣ ያለቀ ነገር ነው” ብለው አቶ መርሃዊ ይመርቋት ጀመር። ልጅቱ አሜን፣ አሜን እያለች ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ደስ ብሎን ወጣን። አቶ መርሃዊ ማኪያቶ ጋበዙኝ።

ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ። ከፍ በመደረጓ የባትሪዋ ገመድ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛውም ደብቆናል፤ ስለዚህ ዋስትናው አይሸፍናትም። ሊሆን ይችላል! የራሳቸው ሰው ከፋብሪካ ነው ብሎ ተናግሮ ሳለ! ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩና የቱ ገመድ ነው የተወጠረው፣ አሳዩኝ አልኳቸው። ሀይሚ ዓይኗን ሰብራ “እማማ፣ መመሪያው ነው” አለችኝ። መመሪያውን አምጪው አልኳት። አመጣችው። መነጽሬን አድርጌ ገለጥኩ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቻይንኛ። እኔ በዚህ ዕድሜ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ ያልኩት ማንም የማላውቀውን እንዳያስፈርመኝ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ሳገላብጥ የማውቃት አንዲት ፊደል አጣሁ።

ልጅሽ ምን ያለኝ ይመስልሻል? ምንም። ማን እንደተናገረ ነግረውታል፤ ያውቃል። ማታ ገብቶ “አደይ፣ ምሳ በላሽ?” አለኝ። ቢጮህብኝ እኔም እጮህበት ነበር። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይጨክናል?

ንዴቴን ተሸክሜ ጉዲና ጋራዥ ሄድኩ። “ልጁን ያሳሳትከው አንተ ነህ” አልኩት። ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ አየኝ።

“እማማ፣ እኔማ ተው ብዬው ነበር። ዋስትናህን ታጣለህ፣ ለጉድጓዱ ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። እሱ ግን የጉድጓድ ነገር አንድም ቀን አላነሳም። የፊት ወንበሯ ከመሬት ከዚህ ካነሰ አልረከብህም ነው ያለኝ” አለና ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር አንድ ነገር አውርዶ ዘረጋልኝ።

ቀይና ነጭ የተገመደ ሲባጎ ነው።

ጉዲና “ይቀመጡ እማማ፣ ሻይ ላስመጣልዎ” አለኝ። አልፈልግም ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ አንቺው ፍረጂ። አፍ አለው አይደል? ለምን አልነገረኝም? ያኔ ወንበሬን ሲለካ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ እኔ ሽማግሌ አስከትዬ ያን ቢሮ እረግጥ ነበር? ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ነው አልኩ፤ ደግሜም እላለሁ።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ከፎቃችን ሥር ቆማለች። እሱ የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ ወገቡን እያሸ ነው የሚገባው። ትናንት “ለሃያ ሰባት ኮንትራት ታክሲ እይዝልሻለሁ” አለኝ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ አልኩት። “ጉልበትሽስ?” አለ። ድኗል አልኩት። አየኝና ወደ አልጋው ሄደ።

ሲባጎውን እንዳየሁ አትንገሪው። ስለ ወርቅሽም አታንሺበት፤ መቆጣት ካማረሽ እኔ አለሁልሽ።

መድኃኔዓለም ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ ልጅሽንም ከመንገድ ክፉ ይጠብቅልን። እኔ ግን ከእንግዲህ እሱ እየሰማ ጉልበቴን አመመኝ አልልም።

ታላቅ እህትሽ