ትርፍ ገመድ

ኦክላንድ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እህቴ ለእትዬ ጥሩዬ፣

ከነልጆችዎ እንዴት ከረሙልኝ? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ የአደን ዕቃ ስሸክፍ ነው። የጋራዡ ባለቤት ሮይ ሲቀጥረኝ፣ «አደን ትወዳለህ?» ቢለኝ ይሉኝታ ይዞኝ «አዎ» አልኩት፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ። ጠመንጃ አይወድም፤ እንደ ጥንቱ በእንጨት ቀስት ነው የሚያድነው። ቢሰበር ብሎ ትርፍ ቀስት፣ ቢበጠስ ብሎ ትርፍ ገመድ ያሲዘኛል። ዘንድሮ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለዋለ እኔም በሶዬን ይዣለሁ።

በጥር ለልጃችን ለእድላዊት ሠርግ ና ብለውኛል። ሮይ የግሪን ካርዴን ፎርም ከአደን መልስ ሳይን አደርግልሃለሁ ብሏል። አምናም ብሎኝ ነበር፤ ሥራ በዛበት። ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ፣ ተቆጥቶኝም አያውቅ። ፓስፖርቴን እንኳ እንዳይጠፋብኝ ብሎ እሱ ነው የሚያስቀምጥልኝ። ትናንት ትርፉን ገመድ ከካዝናው አምጣ ብሎ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ ከገመዱ ሥር አየሁት። ገመዱን ብቻ አውጥቼ ቆለፍኩና ቁልፉን መለስኩለት።

እትዬ፣ ሠርጉን በቪዲዮ አስቀርጹልኝ፤ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ያለውን እንዳይዘሉት።

ቤተሰቡን ሁሉ በየስሙ ሳሙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ደምመላሽ